የዚያን ሰኞ መስመሩን የከፈተችው

ሰው ዓይኔን አርገበገበኝ፣ ምን ሊመጣብኝ ይሆን ሲለኝ የዓይን ሐኪም የምጠቁም፣ መዳፌን በላኝ ሲለኝ ደግሞ ከቦርሳዬ ሎሽን አውጥቼ የማቀብል ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ፣ ይህች ሴትዮ ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ትወዳለች እንዳትሉኝ ነው። እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ ከዚያ ውጭ ለሚወራው ነገር ትርፍ ቦታ የለኝም፣ ልጅ ሆኜ እንኳ የቡዳ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ ዕቃ አጥብ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በ2021 ማርች ውስጥ፣ እዚህ አሜሪካ ሰዓት ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደፊት በተገፋ ማግስት ሰኞ ማለዳ የሆነውን ግን አሥራ አራት ሰው ሰምቶታል፣ አልሰማሁም የምል እኔ ብቻ ነኝ፣ እንግዲህ ነገሩን እንዳለ ላስቀምጠውና እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ስለ ጸሎት መስመራችን ልንገራችሁ። ኮሮና መጥቶ ቤተ ክርስቲያናችን ሲዘጋ በስልክ ኮንፈረንስ መጸለይ ጀመርን፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ (የምጠራው ሰዓት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው)፣ ገና ጨለማ ሳለ ሁላችንም ወደ አንድ ቁጥር እንደውላለን፣ አስተናጋጇ የምስጢር ኮዷን ስታስገባ መስመሩ ይከፈታል። አስተናጋጇ እኔ ነኝ። ኮዱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ባለቤቴ ታደለ እንኳ አያውቀውም። ያን ሰዓት የመረጥነው ለትራክ ነጂዎቻችን ብለን ነው፣ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ካሉት ወንድሞቻችን ብዙዎቹ ነጂዎች ናቸው፣ እንቅልፍ የሚጥላቸውም ሊነጋ ሲል ነውና፣ ስልካቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ሰክተው እኛ እየጸለይን እነሱ እየነዱ አሜን ይላሉ። ድምፁን መዝጋት የሚረሳ መቼም አይጠፋም፣ የአንዱ ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል፣ ዎርዝንግተን አረጋውያን የምትንከባከበው ወይንሸት ደግሞ አንድ ቀን በምልጃው መሀል አንዱን ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ጥርሱን የት እንዳስቀመጠ ስትጠይቅ ሁላችንም ሰምተናል፣ ስለዚህ “ወገኖቼ፣ ድምፃችሁን ዝጉ፣ ስታር ሲክስ” (ኮከቧንና ስድስትን ተጫኑ) ማለት የጸሎቴ መግቢያ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ዓመት አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፣ እሺ፣ ትንሽ ለመመካትም ነው።

ታደለ ራሱ ነጂ ነው፣ የራሱ ትራክ አለው፣ የምንኖረው ፒከሪንግተን ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖርም የምር የተጣላነው በሰዓት ጉዳይ ብቻ ነው። በጸደይ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ የትራኩን ሰዓት አይነካውም፣ በመኸር ራሱ ተመልሶ ልክ ይሆናል ባይ ነው። ችግሩ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ይገጫል፣ አንድ ዓመት የፖስታ ሳጥናችንን፣ አንድ ዓመት የጎረቤታችንን አጥር፣ ስጠይቀው “አጋጣሚ ነው” ይለኛል፣ እመኑኝ፣ አጥሩን በገዛ እጁ ሲያቆም ውሎ እንኳ አጋጣሚ ነው አለ።

ያን ዓርብ ማታ ጀመርኩት።

“ታደለ፣ እሑድ ሰዓት ይቀየራል።”

“እኔ አልቀየርኩትም፣ የቀየረው ይጨነቅበት።”

“የሰኞው ጭነት ሰባት ሰዓት ላይ ፔንሲልቬንያ መድረስ አለበት አላልክም? እሑድ ከሰዓት በኋላ ውጣና እዚያው ደርሰህ ተኛ።”

“ቤቴ ፍራሽ እያለኝ ትራክ ውስጥ ምን አስተኛኝ? ሰኞ ሌሊት ሦስት ላይ እወጣለሁ፣ ዘና ብዬ እደርሳለሁ።”

“እሱ እኮ ለሰውነትህ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ከእንቅልፍህ ላይ ተወስዷል።”

“የወሰደው መንግሥት ነው፣ ሲመቸው ይመልሳል።”

ቅዳሜም ለመንኩት፣ እሑድም ከአምልኮ በኋላ ለመንኩት፣ በመጨረሻ “አስቴርዬ፣ ስብከቱን አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ” ብሎ ጉንጬን ቆንጥጦኝ ሄዶ ተኛ። ሦስት ሰዓት ላይ ሸኘሁት፣ በፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ አስያዝኩት፣ በር ላይ ቆሞ “ይልቅ አንቺ እንዳታረፍጂ፣ ሕዝብሽ ይጠብቅሻል” ብሎ ሳቀብኝ። ተመልሼ ተኛሁ፤ ስልኬ እንደ ልማዴ ኩሽና ቻርጅ ላይ ነው፣ መኝታ ቤት አላስገባውም፣ የምነቃው ራስጌዬ ባለው የጠረጴዛ ሰዓት ነው፣ እሱንም ቅዳሜ ማታ በጥንቃቄ አስተካክዬዋለሁ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲል ጮኸ፣ አጠፋሁት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነጠላ ጫማዬን አደረግሁ፣ አንዴ ብቻ ዓይኔን ልክደን አልኩ።

ስከፍተው መስኮቱ ግራጫ ሆኗል። ሰዓቱ ሰባት ከአሥር ይላል።

እየሮጥኩ ኩሽና ገባሁ፣ አሥራ አራት ሰው በዝግ መስመር ላይ ሙዚቃ ሲሰማ ታየኝ፣ ወደ ወይንሸት እየደወልኩ ይቅርታዬን በቃሌ አጠናሁ።

“ወይንዬ፣ ይቅር በሉኝ፣ እንቅልፍ...”

“የምን እንቅልፍ?” አለችኝ፣ ከኋላዋ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ “አንቺ አይደለሽ ሁላችንንም ያነቃሽን? ታደለስ፣ ደህና ነው?”

“ታደለ ምን ሆነ?”

“እኔን ትጠይቂኛለሽ? ውጣ ያልሽው አንቺ።”

ስልኩን ዘጋሁባት፣ ይቅር ትበለኝ፣ ታደለ ጋ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ፣ ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ ነው።

“እንዳልሽው ወጥቼ ቆሜያለሁ፣ ተኝቻለሁ፣ አሁን ደግሞ አትቆጪኝ” አለ።

“ምን ብዬህ ነበር?”

ከተኛበት ቀና ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ ረጋ ብሎ፣ “አስቴር፣ በዚህ ነገር አትቀልጂብኝ” አለኝ።

የነገረኝ ይህን ነው። በሃይዌይ ሰባ ወደ ምሥራቅ እየነዳ፣ የትራኩ ሰዓት ገና አራት ሲል (አልቀየረውማ)፣ ስልኩ ደግሞ አምስት ሲል መስመሩ ተከፍቷል፣ እኔ በሰዓቴ ገብቻለሁ፣ ስታር ሲክስ ብያለሁ፣ መዝሙረ ዳዊት አንብቤያለሁ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ስንሄድ ዓረፍተ ነገሬን መሀል ላይ አቁሜ “ታደለ፣ ከፊትህ ባለው ኤግዚት ውጣ። አሁን” ብያለሁ። ወጣ። ከአውራ ጎዳናው ወርዶ አንድ ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ አቆመና ያለበትን ቦታ ምልክት ሲያይ ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ያ ማለት የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሯል ማለት ነው፣ ድልድዩን መቼ እንደተሻገረው ግን አያውቅም፣ ያ ሁሉ መንገድ ከጭንቅላቱ ውስጥ ጠፍቷል፣ ዓይኑ ተከፍቶ እጁ መሪ ላይ እንዳለ ተኝቶ ነበር። ይህን ሲነግረኝ የሚስቅ መስሎኝ ጠበቅሁ፣ አልሳቀም። ጭነቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ፣ ተቀባዮቹ ጮኹበት፣ ጮኹበት መባሉ ደስ ይለኛል፣ በሕይወት ያለ፣ ጆሮ ያለው ሰው ላይ ነው የሚጮኸው።

የስልኬን የጥሪ ዝርዝር አየሁ፣ ያን ጠዋት እስከ ሰባት ከአሥር ድረስ አንድም ጥሪ የለም። እንግዲህ ይህች አስተዋይ ሴት፣ እኔው፣ ምን አለች መሰላችሁ፣ በእንቅልፍ ልቤ ተነሥቼ በሌላ ስልክ ደውዬ ይሆናል አለች፣ የትኛው ሌላ ስልክ እንደሆነ ግን አላሰበችበትም።

ማታ፣ ታደለ ቤት ከገባ በኋላ፣ ልጃችን ሩት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ጠየቅኋት፤ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ካምፓስ ካፌ ስለምትሠራ አምስት ተኩል ሳይሞላ ነው ከቤት የምትወጣው።

“ጠዋት ስትወጪ እኔ የት ነበርኩ?”

“ማሚ፣ ተቀምጠሽ ተኝተሽ ነበር፣ አፍሽ ተከፍቶ። ብርድ ልብስ ደረብኩልሽ። ስልክሽ ኩሽና ነበር፣ የእኔን ልነቅል ስል አይቼዋለሁ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ፎቶ አንስቼሻለሁ፣ ለአባዬ ልልክለት።”

አሳየችን። እኔ ነኝ፣ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ አፌ እንደ ጉድጓድ፣ ሰዓቱ አምስት ከሃያ ሰባት ይላል። ታደለ ስልኳን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየውና “ደግሞ ታንኮራፊያለሽ አይደል” አለ፣ ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

መስመሩ ሁልጊዜ ላልገቡት እንዲጠቅም ራሱ ይቀዳል፣ ስለዚህ ሦስታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ከፈትነው። “ወገኖቼ፣ እንደምን አደራችሁ፣ ድምፃችሁን ዝጉ፣ ስታር ሲክስ” ይላል፣ እኔው ራሴ፣ አተነፋፈሴ እንኳ የእኔ ነው። የጎደለ ነገር ግን ነበረበት፣ ፍሪጃችን እንደ ትራክ ስለሚያጓራ በሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ ከኋላዬ ይሰማል፣ ታደለ ይህን ያህል ጊዜ እሠራዋለሁ ብሎ ያልሠራው ነው፣ በዚህኛው የለም። በፍሪጁ ፈንታ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል አለ። ድምፁን ያልዘጋ ነጂ ነው ብዬ ነበር፣ ታደለ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ፍሬቻ ሰው ሲታጠፍ ይበራና ይጠፋል፣ ይህ ሳያቋርጥ ነው የሚሄደው፣ “መንገድ ዳር የቆመ መኪና የሃዛርድ መብራት ነው” አለ። ደግሞም የሚሰማው ያቺ በእኔ ድምፅ የምትመራው ሴት ስትናገር ነው፣ እሷ ዝም ስትልና ሌላ ሰው ሲጸልይ አብሯት ዝም ይላል።

መሀል ላይ ወይንሸት ገባች፣ “እህት አስቴር፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?”

“አስቴር ተኝታለች” አለች ያቺ በእኔ ድምፅ፣ “ተዉአት፣ ትተኛ።”

ሰዎቹ ሳቁ፣ በቅጂው ላይ ሲስቁ ይሰማል፣ እኔ የምቀልድ መስሏቸው። እኛ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለነው አልሳቅንም። ከዚያ ታደለ የነገረኝ ቦታ ደረሰ፣ ዓረፍተ ነገሩ ተቆረጠ፣ ስሙን ጠራችው፣ ሩት እጄን ያዘችና ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ፣ “ማሚ፣ አያቴ የሞተች ጊዜ ድምፅሽ እንደዚህ ነበር” አለችኝ። እውነቷን ነው። ጉንፋን አልነበረም። ሦስት ቀን አልቅሶ የጎረነነ ድምፅ ነው።

ፓስተራችን ቅጂውን ሰምቶ መልአክ ነው አለ፣ እኔም የእግዚአብሔርን ሥራ አልጠራጠርም፣ ግን ጠየቅሁት፣ “መልአክ ድምፁ ይጎረንናል ወይ?” እሱም ሳቀና፣ “እህት አስቴር፣ ባልሽ ቤቱ ገብቷል አይደል? ሻይሽን ጠጪ” አለኝ። ጠጣሁ። ኮዱን ግን በዚያው ዕለት ቀየርኩት።

ለብዙ ጊዜ ያስቀናኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። አንድ ማታ ታደለን፣ “እኔ ሦስት ቀን ስለምንህ እምቢ ብለህ ለእሷ በአንድ ቃል የወጣኸው፣ ምን አላት?” አልኩት። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አሰብ አደረገና፣ “አንቺ እንዳይደርስ ፈርተሽ ነው የምትለምኚው። እሷ አልፈራችም፣ አልለመነችኝምም፣ የምትፈራው ነገር ደርሶ ያለፈባት ሰው ነው የምትመስለው” አለኝ። ቀጥሎ ተነሣና ፍሪጁን መፈታታት ጀመረ።

ዘንድሮ የትራኩን ሰዓት ቅዳሜ ከሰዓት ራሱ ቀየረው፣ እስከ ማክሰኞም ጭነት አልያዘም፣ እኔም ሰኞ ሁለት የማንቂያ ሰዓት ሞልቼ፣ ተነሥቼ ለአምስት አምስት ጉዳይ መስመሩን ከፈትኩ። ሁሉም ገባ፣ ወይንሸት ሳህን እያጠበች ገባች፣ ለነጂዎቹ ጸለይን፣ ታደለ ፒጃማውን እንደለበሰ ከአጠገቤ ተቀምጦ ከሁሉ ይበልጥ ጮኾ አሜን ይላል፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጠዋት ጥቂት ነው። ከዚያ ለታመሙት ጸለይን፣ ከዚያ ተራው ባሎቻቸው በመንገድ አደጋ ሞተው ለቀሩባቸው ሴቶች ሆነ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ እያንዳንዷን በስሟ መጥራት ልማድ ነው። ሁለቱን ጠራሁ። ሦስተኛዋን፣ የዚያን ሰኞ መስመሩን የከፈተችውን፣ ልጠራ አፌን ከፈትኩና ቀረሁ፣ የማውቀው ስሟ የራሴ ነበር።