ከእትዬ ዘነቡ አምፕሊፋየር የወጣው ድምፅ

መብራቱ እስኪመጣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ማነው በሩ አጠገብ የተቀመጠው? አንተም ወደዚህ ና። የምነግራችሁ ነገር ጀርባውን ለበር ለሰጠ ሰው አይሆንም።

ድሮ ነው። የከተማዋን ስም አትጠይቁኝ፤ አልነግራችሁም። ጊዜው ክረምት ነው፤ ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። አንድ ሰው የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ከከተማው ዳር ወደ ኮረብታው ይወጣል። ብቻውን ነው። መንገዱ በባሕር ዛፍ መሀል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። በግራ በኩል ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ገደል አለ። ሰው የለም። ውሻ እንኳ የለም።

ሰውየው ወንዳፍራሽ ይባላል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም። ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ለጥገና የመጡትን ሬዲዮኖች ሁሉ በአንዴ ይከፍታቸዋል። ዜና ሊሰማ አይደለም። ቤቱ ሰው የሞላበት እንዲመስለው ነው።

ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው? እትዬ ዘነቡ ኮረብታው ላይ ጭፈራ ቤት ነበራቸው። ስንሻው የሚባል ቤዝ ጊታር ተጫዋችም ነበራቸው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሌሊት ሥራውን ጨርሶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። «ትልቅ ከተማ ገብቶ ያልፍለታል» ተባለ። የፈለገው ሰው የለም። ዘመድ አልነበረውማ!

የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ከዚያ ወዲህ ጥግ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ አዲስ ተጫዋች ተቀጥሮ ቢያበራው አልሠራም አለ።

«ቅዳሜ ሠርግ ተቀብያለሁ፣ ወንዳፍራሽ። እባክህ ድረስልኝ» አሉት እትዬ ዘነቡ። «እኔ ከጓሮ ቤት ነኝ፤ ስትጨርስ ጥራኝ።»

«እሺ እትዬ።»

ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቀረ። አበራው። «እምምምምም» አለ አምፕሊፋየሩ። ጊታሩን ሰክቶ ቢመታው፣ ድምፁን ውጦት እምምምም ብቻ። ወንዳፍራሽ አዳመጠ። ድምፅ ማውጫው ደህና ነው። ኃይል የሚሰጠው ክፍልም ደህና ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ከፊተኛው ክፍል ነው፤ ፕሪአምፕ ከሚሉት፣ የክሩን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ ተቀብሎ ከሚያሳድገው። ገመዱን ነቅሎ ጠቀለለ፤ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ሽፋኑን ፈታ። በመፍቻው ጫፍ አንድ በአንድ ነካካ። እዚህ ይነካል፤ ጭርር። እዚያ ይነካል፤ ጭርር።

ታዲያ ከእምምታው ሥር ሌላ ነገር ሰማ። ዱም... ዱም... ዱም።

ቤዝ ጊታር! ጊታሩ የት ነው? ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ገመዱስ? ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ነው። እና ማነው የሚመታው?

«የሆነ ሬዲዮ ጣቢያ ጠልፎ ይሆናል» አለ ለራሱ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ያውቃል። ፈልጎ ፈልጎ ጥፋቱን አገኘው። ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ ብየዳው ተሰንጥቋል። አጠፋው፤ በየደው፤ መልሶ አበራው። እምምታው ጠፋ። ጸጥ።

ዱም... ዱም... ዱም። አሁን ጥርት ብሎ!

ከዚያ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ቃል።

«ጋሼ ወንዳፍራሽ።»

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር፣ አይደል? እሱ አልሮጠም። ለምን? ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም።

«ማነህ?»

«ስንሻው ነኝ። ብቻህን ነህ፣ ጋሼ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እኔም። እዚህ ይበርዳል። ሰው ወደዚህ አይመጣም።»

«የት ነው ያለኸው?»

«ቅርብ ነኝ። ና ላሳይህ።»

ወንዳፍራሽ ሶኬቱን ነቀለ። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ጠፋች። ድምፁስ ጠፋ? አልጠፋም። «ና እንጂ፣ ጋሼ» አለው። አሁን ከአምፕሊፋየሩ አይደለም። ከበሩ ውጭ ነው።

ሄደ። መፍቻውን ሳይሰበስብ፣ እትዬ ዘነቡን ሳይጠራ ሄደ። ጨልሟል። ከፊቱ ጭቃ የሚረግጥ እግር ይሰማል፤ ቸብ፣ ቸብ። ሰው ግን አይታይም። ትንሽ ቆይቶ ትከሻ ታየው። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሸሚዝ። ፊቱን አያዞርም።

«ሚስትህ ትናፍቅሃለች፣ ጋሼ?»

«በጣም» አለ ወንዳፍራሽ። እንባው መጣ። እስከዚያች ማታ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አይዞህ። ከእንግዲህ ብቻችንን አንሆንም።»

ሰውየው ፊቱን ሳያዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋለት። ወንዳፍራሽ ያዘው። እጁ ምን ይመስል ነበር? እርጥብ አፈር!

«ወንዳፍራሽ! ኧረ ወንዳፍራሽ!»

እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ፋኖስ ይዘው ቁልቁል ይሮጣሉ። «በሬን በርግደህ ወዴት ነው የምትሄደው? ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ወንዳፍራሽ ዞር አለ። መልሶ ወደ ፊት ቢያይ ማንም የለም። ቀኝ እግሩ አየር ላይ ነው። ከእግሩ በታች ገደሉ ነው።

ልብሱን ይዘው ጎተቱት። ያን ሌሊት እሳቸው ቤት አደረ፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ነጋ። በማግሥቱ የሆነውን የሰሙ ሰዎች በገመድ ገደሉን ወረዱ። ስንሻው እዚያ ነበር። ያን ሌሊት ከሥራ ሲመለስ ጨለማ አሳስቶት ወድቋል። ሁለት ወር ሙሉ የከተማው ሰው ከላዩ ሲያልፍ ሲያገድም፣ እሱ እዚያ ነበር። ወንዳፍራሽ እንደ ወንድም አለቀሰለት፤ እንደ ወንድም ቀበረው።

አስከሬኑን ያነሱት ሰዎች ግን አንድ ነገር አይተው ለወንዳፍራሽ አልነገሩትም። ለእኔ አንዱ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ከስንሻው ጎን አፈሩ በጣት ተቧጥጦ ተቆፍሮ ነበር። የአንድ ሰው ቁመት ያህል። ድንጋዩ ተለቅሟል። ቅጠል ተነጥፎበታል። ቅጠሉም ገና አልጠወለገም።

በሉ ተነሱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። አንተ፣ ቤትህ ሩቅ ነው፤ እዚሁ እደር።