ሁለተኛው መርፌ

ፍቅር ሰውን ያሞኛል፤ ደምለውን ግን ዋሾ አደረገው።

የትናየት ወደ ዳባት ከተማ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ሆና ነው። ባዝሮች፣ ሴት ፈረሶች ማለት ነው፣ በአንድ ሰሞን ወንድ እንዲፈልጉ የሚያደርግ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ ከዚያ ወንዱ አህያ ይቀርብላቸውና በቅሎ ይጠበቃል። በስሜን ዳገት በቅሎ ማለት ትልቅ ሀብት ነው። ደምለውም የአባቱን የአቶ ገዱን ባዝራ ወስዶ አስወጋ፤ ልቡን ግን እዚያው ክሊኒክ ትቶ ተመለሰ።

ባዝራዋን አህያው ቀረባት፣ ፅንስ ያዘችም። አቶ ገዱ ገና ያልተወለደችውን በቅሎ «መልኳ ዳማ ነው የሚሆነው» እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ጀመር። ደምለው ግን በምን ሰበብ ዳባት ይውረድ? ወር እንኳ ሳይሞላ «ትታይ» ብሎ ባዝራዋን እየሳበ ሄደ።

«ምነው፣ አልያዘችም እንዴ?» አለች የትናየት። ስታየው ፊቷ በራ።

አፉ ቀደመው። «አህያው እምቢ አላት። ጭራሽ አልቀረባትም።»

«ውይ! እንግዲያው እንደገና እንጀምራለን» ብላ ወጋቻት። ደምለው መድኃኒት ምን ይጎዳል ብሎ ባዝራዋን ያዘላት። እስክትጨርስ ድረስ እጆቿን ሲያይ ቆየ።

በሳምንቱ ባዝራዋ ደም ጣለች፤ እንደገና ወንድ ፈለገች። «ያቺ ልጅ በቅሎዬን በመርፌ ገደለችብኝ!» አሉ አቶ ገዱ። ወሬው ገበያውን አዳረሰው፤ ወደ ክሊኒኩ ባዝራ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ደምለው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቅዳሜ አቶ ገዱ ልጃቸውን አስከትለው ክሊኒኩ ግቢ ገቡ። ሰው ተሰብስቧል። የትናየት አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«መርፌው ላረገዘች ባዝራ አይሰጥም፤ ያስወርዳታል። ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ። ዝውውር ጠይቄያለሁ፣ እሄዳለሁ» አለች። ልጅዎ ዋሽቶኝ ነው እንኳ አላለችም።

ደምለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ምናልባት... እኔም በደንብ ሳላስረዳት ቀርቼ...»

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች!» ብለው ጮኹበት አባቱ። «ወንድ ከሆንክ ግልጡን ተናገር!»

«ዋሽቻት ነው! አህያው አልቀረባትም ያልኳት እኔ ነኝ። እሷን... ደግሜ ላያት ብዬ።»

አንዲት ሴት «ኧረ ጉድ!» ብላ ሳቀች። አቶ ገዱ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ደምለው ቢመቱት ይሻለው ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበተን «ለምን ዝም አልሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«እኔስ ምን አፍ አለኝ? ሳልወጋ በፊት ማርገዝ አለማርገዟን በእጄ መፈተሽ ነበረብኝ። ሁሌም እፈትሻለሁ። የዚያን ቀን ግን ተመልሰህ ስትመጣ... ደስ ብሎኝ ረሳሁት።»

ደምለው ቀና አለ፤ ፊቷ ፍም መስሏል።

«በምን ዓይኔ አባቴን አያለሁ?» አላት።

ጋዋኗን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለችው።

«ና፣ እሳቸው ሳይርቁ እንድረስባቸው» አለችው። «ብቻህን አታፍርም።»