ሳይከራከሩ የተገዛ ኪት

ፒክአፑ በጀርባው ተገልብጦ ቁልቁለቱ ሥር ተኝቷል፤ አራቱም ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተሰቅለዋል። ባለጋራዡ ከመሪው ሥር እንደተቀረቀረ ሞቷል። በሕይወት ሳለ «ቅናሽ» የሚለው ቃል ከአፉ ስለማይለይ፣ የሰፈሩ ሰው ዋናውን ስሙን ረስቶ ቅናሽ እያለ ይጠራው ነበር።

መርማሪዋ ከሬሳው ይልቅ መጀመሪያ ያየችው የመኪናውን ሆድ ነው። ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል፤ የሰማችውንም ያየችውንም ሳታበጥር አታልፍም። የፒክአፑ ሆድ አንድም ጭረት የለበትም። የጭነቱም ቦታ እንዲሁ፣ ዕቃ ተጭኖበት የሚያውቅ አይመስልም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት የትራፊክ ፖሊሱ። «መኪናው ከፍ እንዲል ከኋላ አክስሉ ላይ የሚገባው ብሎክ በግራ በኩል ተስፈንጥሮ ወጥቷል። የገጠመው ዋና መካኒኩ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት ‹አንድ ቀን የራስህ ብረት ይበላሃል› ብሎታል። ካቴና አስገብተንለታል፤ አለቃም ነገ ክስ ይመሥረት ብለዋል።»

«ሟቹ የደንበኛውን መኪና ለምን ነዳው?»

«ልማዱ ነዋ። ከፍ ያደረገውን መኪና ሁሉ መጀመሪያ ራሱ እዚህ ያመጣውና ቁልቁለቱ መሐል ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጠዋል። ደንበኛው ከላይ ቆሞ ያያል። እንዲህ እያደረገ ነው ገበያውን ያደመቀው።»

ብሎኩ ለሁለት ተከፍሎ ሣሩ ውስጥ ተገኘ። እሱን ያጠበቁት ዳዶዎች ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

ዋና መካኒኩን ካቴና እንደገባለት ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጢሙ የሸበተ፣ የማይለመጥ ሰው ነው።

«ያጠበቁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እኔ ያጠበቅሁትን ዳዶ ሰይጣንም አይፈታው።»

«ሟቹን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«ሞተ ብዬ አልዋሽም፤ አላለቅስለትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ነፍስ የሚሸከም ቦታ ላይ ውራጅ ብረት ሲያስገጥመኝ ኖረ። ግጠም ሲለኝ ገጠምኩ።» አንገቱን ደፋ። «እኔም ያው ነኝ።»

የሟች ሚስት መለዋወጫ መሸጫው ውስጥ በካርቶኖች መሐል ቆማለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«መኪናውን ከፍ የሚያደርገውን ኪት ለደንበኛው የሸጡለት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ሦስት ዓይነት አወጣሁለት። አንደኛው ባሌስትራውም አሞርዛተሩም አዲስ የሆነ፣ ዋጋው የማይቀመስ። ሁለተኛው ከፊት ስፔሰር፣ ከኋላ ወፍራም ብሎክ ያለው፤ ለኪስም ለነፍስም የሚስማማው እሱ ነው። ሦስተኛው ያው የባሌ ቅናሽ፣ ከርካሽ ብረት የተሠራ ብሎክ ነው። ሁለተኛውን ይውሰዱ ብዬ ለመንኩት፤ በጀ አላለኝም።»

«ዋጋ ተከራከረ?»

ሴትዮዋ በእጇ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች። «አሁን ሲጠይቁኝ ነው የገረመኝ። ርካሹን የሚመርጥ ሰው ነው ከሁሉም በላይ የሚያደርቀኝ። እሱ ግን የተጻፈውን ከፍሎ ካርቶኑን አቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። መኪናውን ያመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።»

«እርስዎስ ከባልዎ ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

«ከተኮራረፍን ወር አልፎናል። ገድለሽዋል ካሉኝ፣ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ገድዬዋለሁ። እጄ ግን ከካርቶን ሌላ አያውቅም።»

ደንበኛው የቀረው ሦስተኛው ሰው ነው። ስድሳ ያለፈው፣ ልብሱ የተተኮሰ ሽማግሌ፣ ፖሊስ ጣቢያው የምርመራ ክፍል ውስጥ የብረት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል።

«አባቴ፣ መኪናውን ከፍ ማድረግ ለምን አስፈለገዎት?»

«ጡብ ነጋዴ ነኝ። ወደ ማቃጠያው የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሆዱን እየፋቀ አስቸገረኝ።»

«ርካሹን ለምን መረጡ?»

«ድኻ ምን ምርጫ አለው፣ ልጄ?» አውራ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደውና ፊቱን አጨማደደ። «ይቺን ጠረጴዛ የሠራው ማነው? ጠርዟን ሳይሞርድ ትቷታል። ልጅ ቢነካት ትቆርጠዋለች።»

«አላስተዋልኳትም» አለች መርማሪዋ። አሁን ግን አስተዋለች፤ አሥር ጊዜ የተደገፈችበት ጠረጴዛ ነው።

ቢሮዋ ተመልሳ ሁለቱን የብሎክ ቁራጮች መብራት ሥር ስታገላብጣቸው ቆየች። ከዚያ መዝገብ ቤት ወርዳ፣ በዚህ ጋራዥ በተሠሩ መኪኖች ላይ የደረሱ አደጋዎችን ጠየቀች። አንድ ቀጭን ፋይል ወጣላት። አንብባ ስትጨርስ ወደ ፎቶው ተመለሰች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለቱን ቁራጮች መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዋና መካኒኩ መግደል ቢፈልግ ዳዶ ማላላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር» ብላ ጀመረች። «ዳዶዎቹ ግን አልላሉም። የወጣው ብሎኩ ነው። ስለዚህ ነገሩ የተበላሸው ብሎኩ ከመገጠሙ በፊት ነው ማለት ነው።»

«እኔ የሸጥኩት ደህናውን ነው» አለች ሚስት።

«ደህና ነበር። ከእርስዎ እጅ ከወጣ በኋላ ሁለት ቀን የት እንደከረመ ያውቃሉ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ ድንጋይ ሆዱን እየፋቀው የሚመጣ መኪና ጠባሳ ያወጣል። የእርስዎን ሆዱ ወደ ላይ ተገልብጦ ነው ያየሁት፤ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ጭነቱም ቦታ የጡብ ብናኝ የለበትም። ከፍ ማድረግ የማያስፈልገው መኪና አመጡ፤ ርካሹን ኪት ፈልገው ዋጋ አልተከራከሩም።»

«ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ወንጀሉ እዚህ አለ።» አንዱን ቁራጭ አነሳች። «ርካሽ ብረት ሲሰበር እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ነው። ይኸኛው የተከፈለበት ፊት ያብረቀርቃል፤ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ የቶርኖ ክብ መስመር ይታይበታል። ሰውየው ብሎኩን ለሁለት ከፍሎ፣ መልሶ በሁለት ነጥብ ብየዳ አያይዞ፣ ቀለም ቀብቶታል። በብረት መጋዝ ቆርጦ ቢተወው ኖሮ አልጠረጥርም ነበር። እሱ ግን ማንም የማያየውን ፊት አለሰለሰ፤ ጠርዙን ዙሪያውን ሞረደ። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ሥራውን አበላሽ ቢሉት እሺ አይልም።»

ሽማግሌው ቁራጩን አየ። ከዚያ እጆቹን አየ።

«ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከገጠር ስትመለስ መኪናዋ ተገልብጦ ሞተች» አለች መርማሪዋ። «በፍጥነት ነው ተብሎ ተዘጋ። ፋይሉ ላይ አባት ተብለው የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት፤ ሥራ የሚለው ቦታ ‹ቶርኖ ሠራተኛ› ይላል። ፎቶው ውስጥ ከጎማው አጠገብ ሁለት ቀጫጭን ብሎኮች ወድቀዋል። ማንም ልብ አላላቸውም።»

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁራጭ ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። 

«ደመወዟ ለሁለተኛው ኪት አልበቃም። ያ ቅናሽ የምትሉት ደግሞ ‹ሁለት ትንንሾችን ደራርቤ እገጥምልሻለሁ፣ ከፍታው ያው ነው› አላት። እሷ ላይ ሁለት ነበሩ። እኔም ለእሱ ሁለት አደረግሁለት። ከላይ ቆሜ ሲገለበጥ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ዛሬም ደስ ይለኛል።»

«እሺ፣ ይህስ ሰውዬ?» ካቴና የገባለትን አሳየችው። «በእርስዎ ሥራ ሊታሰር ነው።»

«ይታሰራ። ልጄ ላይ ዳዶውን ያጠበቀው እሱ አይደል? አንዱን አፈር ይብላው፣ ሌላውን እስር ቤት ብዬ ነው የተነሳሁት።»

ዋና መካኒኩ ከጎማው ላይ ተነሳ።

«ብሎኮቹ ተደራርበው እንደነበር ማን ነገረህ?»

«ወረቀት ደረሰኝ። በቤቴ በር ሥር ተወርውሮ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራሴ ሥር ነው። የጻፈውን ሰው ሳላውቀው እመርቀዋለሁ።»

«በግራ እጄ ነው የጻፍኩት» አለ መካኒኩ። «ቅናሽ ጽሕፈቴን እንዳይለይብኝ ብዬ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ የሰማውን ያመነ አልመሰለም። ከዚያ ግን የመሥሪያ ጠረጴዛውን ያዘ።

«እንድትከሰው ብዬ ነው የነገርኩህ» አለ መካኒኩ። «ፍርድ ቤት ቀርቤ ፊት ለፊቱ ልመሰክርበት ነበር። እኔም አብሬ ብቀጣ ግድ አልነበረኝም። ሰባት ወር ሙሉ ምስክር ብለህ እንድትጠራኝ ስጠብቅ ከረምኩ።»

መርማሪዋ ካቴናውን ከመካኒኩ እጅ ፈትታ ወደ ሽማግሌው ሄደች። እሱ ሁለቱን እጆቹን ራሱ ዘረጋላት፤ ዓይኑን ግን ከመካኒኩ ላይ አላነሳም።

«ማን ብዬ ልጥራህ?» አለው። «ስምህን አልጻፍክበትም።»

መካኒኩ ወረቀቱን የጻፈበትን ግራ እጁን አየ።