የመረዋ ጠፍር የመጨረሻ ዜማ

ታላቁ የመረዋ የድንጋይ ደወል ማንም ሳይነካው ደም አለቀሰ። በመከር በዓል ማለዳ ከደወሉ ከንፈር ቀይ ጠብታ ሲንጠባጠብ ዘበኛው ቀይ አፈር የያዘ ጤዛ መስሎት በመዳፉ ጠረገው፤ ጠብታው ግን ትኩስ ነበር። በዚያችው ቅጽበት፣ በሰገነት ላይ ቆሞ የሠራዊቱን ሰልፍ ይመለከት የነበረውን ልዑል ሚልኪያስን ነሰረው። የወተት ጥርሶቹን ነቅሎ ያልጨረሰው አልጋ ወራሽ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ነጭ ቀሚሱም እስከ ጉልበቱ ቀላ።

«እርግማን ነው!» ብለው ጮኹ ጠንቋዮቹ።

«ስንፍና ነው እንጂ» ተባባሉ መኳንንቱ በሹክሹክታ። «ሩጥ ሲሉት እግሬን ደከመኝ፣ አንብብ ሲሉት ራሴን አመመኝ። እንዲህ ያለ ንጉሥ የሰሜንን ጭፍራ በምኑ ይመክታል?»

ከሁሉም ቀድማ ከልጁ አጠገብ የደረሰችው አስካል ነበረች። የደም ልክ ጠባቂው የአባ ሐናንያ ደቀ መዝሙር ናት፤ ወጣት ብትሆንም ጣቶቿ የታመኑ ነበሩ። የልዑሉን አንጓ ያዘች። ትርታው ከጣቶቿ ሥር እንደ ታሰረ ወይፈን ይራገጣል። ጫማው የወለቀውን እግሩን ብትነካው ግን እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

አባ ሐናንያ ጠፍሩን በሁለት እጃቸው ታቅፈው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

በመረዋ ምድር ጠፍሩን የማያውቅ አልነበረም። የመጀመሪያው ንጉሥ ከአንዲት የውኃ ፍጥረት ቆዳ ለራሱ ጡንቻ ልክ ያሠራው ሰፊ መጠምጠሚያ ነው። በክንድ ላይ ይታሰራል፤ ጠባቂው በሸምበቆ ሲነፋበት ያብጣል፤ በጎኑ ባለው ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ባዘቃ የሚሉት ፈሳሽ ብር ሽቅብ ይወጣል። ባዘቃው እየወጣ ሳለ ጠፍሩ ያዜማል። የክንዱ ደም ተሸንፎ ሲቆም ዜማው ይቋረጣል፤ ባዘቃው ያኔ የደረሰበት ከፍታ የሰውየው የደም ግፊት ልክ ነው። ከአረንጓዴው መስመር በታች ከቆመ ደህና፣ ካለፈ ሕመም።

ሰው የሚወደው ግን ልኩን ሳይሆን ዜማውን ነበር። በየመከሩ ጠፍሩ በየመንደሩ ሲዞር ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበው ይሰለፋሉ። ዜማው ቃል የለውም። ሆኖም ሽማግሌው ሲሰማው የተወለደበት ደጃፍ፣ የእርጥብ ጭድ ሽታ፣ ስሙን የጠራው የሞተ ሰው ድምፅ ይመጣበታል። አስካልም ስትሰማው አንድ ከሰዓት በኋላ ይመጣባታል፤ ታናሽ ወንድሟ ምናሴ ጠፍሩ ክንዱን እየኮረኮረው እስኪንፈራፈር የሳቀበት። ዜማው በአጭሩ ተቋረጠ። «ደህና ነው» ተባለ። ምናሴ ግን ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው፣ አፍንጫውንም ይነስረው ነበር። ቀጣዩን መከር አላየም። ከዚያ ወዲህ ዜማው ሲሰማ ደስታና ሐዘን በአንድ በር ይገቡባታል።

አሁንም ዜማው በልዑሉ ክንድ ላይ ተነሣ፣ ቶሎም ተቋረጠ።

«ከአረንጓዴው በታች ነው» አሉ አባ ሐናንያ። «ልዑሉ ደህና ናቸው።»

«አባ፣ ጣቴ እንዲያ አይለኝም» አለች አስካል።

«ጣት ይፈራል፣ ይወዳል፣ ይሳሳታል። ጠፍሩ አይፈራም፣ አይወድም።»

«ምናሴንም ደህና ብሎት ነበር።»

አዛውንቱ ጠፍሩን ከልጁ ክንድ ፈቱ። ልጁ ግን ቀና ብሎ አያት። «አስካል፣ እውነት ሰነፍ ነኝ እንዴ?»

ይህን የሰሙት እናቱ እቴጌ ማህሌት ከዙፋናቸው ወርደው በአደባባዩ መካከል ቆሙ። «በአባቶቼ ዙፋንና በደወሉ ጌታ እምላለሁ!» አሉ። «በጠባቢት ገደል የምትኖረው የውኃ ፍጥረት ሞገዲት የታነቀን የደም መንገድ የምትከፍት ጠብታ አላት ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጄን ለማዳን ሄዶ ያመጣ፣ ከመረዋ የሚሻውን ይጠይቀኝ። ምንም ይሁን ምን አልከለክለውም!»

አስካል ተንበረከከች። «በወንድሜ መቃብር እምላለሁ፣ ግርማዊት ሆይ። የሕመሙን ምንጭ ሳላውቅ አልመለስም።»

አብሯት የተነሣው ጋሽ ጎንጤ ነበር፤ በወጣትነቱ ጠፍሩን በየመንደሩ ያጀበ አሮጌ ወታደር።

«ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ገደል ነው» አለችው።

«ጉልበቴ ነው ያረጀው፣ ልጄ። አንደበቴ ገና ጎረምሳ ነው፤ ገደሉን በወሬ አደክመዋለሁ።»

እውነትም እስከ ተራራው ድረስ አላረፈም። የቱ መንደር ማር እንደሚያቀርብ፣ የቱ መንደር በአጃቢዎች ላይ ውሻ እንደሚለቅ፣ ጠፍሩ በመጣ ቁጥር ለመለካት ሦስቴ የሚሰለፈው የጠጅ ጣዩ ልጅ እንዴት እንደተያዘ አወራት። «ልኩ ምን ሊያደርግለት? ዜማውን ፈልጎ ነው እንጂ» አለ። «እኔም ብሆን እሰለፍ ነበር።»

የገደሉን ጫፍ የሚጠብቁት የጭጋግ አሞራዎች ናቸው። የመንገደኛውን የሞተ ዘመድ ድምፅ አስመስለው ቁልቁል ይጠራሉ። አስካል በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ሳለች ከሥሯ አንድ ድምፅ መጣ።

«አስካልዬ... ራሴን አመመኝ።»

እግሯ ወደ ባዶው ተነሣ። ጎንጤ መቀነቷን ጨምድዶ ከዓለቱ ጋር አጣበቃት፤ አንዱ አሞራ ትከሻውን ቧጠጠው፣ እሱ ግን አልለቀቃትም።

«የኔ ልጅ፣ የሚወድሽ ሙት ወደ ገደል ነይ አይልሽም!» ብሎ ጮኸ። ደሙ በክንዱ እየወረደ ተሻገሩ።

ከታች ወንዙን ሲያዩት አስካል ቆመች። ከጠባቢት በላይ ውኃው አብጦ ዓለቱን ይደበድባል፣ ዳርቻውን ይቦረቡራል። ሁለት ቋጥኞች በተቀራረቡበት አንገት በጭንቅ ያልፋል። ከአንገቱ በታች ያለው ግን ቀጭን ጅረት ነው፤ የዳር ሸምበቆው ሁሉ ደርቋል።

«ከላይ ጎርፍ፣ ከታች ድርቅ» አለች ቀስ ብላ። «የልዑሉም እጅ ይራገጣል፣ እግሩ ይቀዘቅዛል።»

«በደንብ አይተሻል» አለ ከውኃው ውስጥ ድምፅ። ሞገዲት ብቅ አለች። ጀርባዋ እንደ አሮጌ ጀልባ ሸበቶ አልጌ ለብሷል፤ ዐይኖቿ ግን የእናት ዐይኖች ነበሩ። «ሆኖም ያየሽው ወንዝ ነው፤ ልጁን ገና አላየሽም። የልጆች ደም ያለ ምክንያት እምብዛም አይቆጣም፣ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። ኩላሊቶቹ ታመው ይሆናል። ወደ ኩላሊቶቹ የሚወስደው መንገድ ጠቦ ይሆናል። በላያቸው ያሉት ዕጢዎች ከልክ በላይ እያመነጩ ይሆናል። ጨው የበዛበት ገበታና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም አለ። ወይም እንደዚህ ወንዝ ዋናው ቦይ ታንቆ ይሆናል። ጠብታዬ የምትከፍተው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ትገድለዋለች።»

«ጠፍሩ ደህና ነው ይላል፣ እናቴ።»

«ጠፍሩ የጦረኛ ጠፍር ነው። ሰፊ ጠፍር ትንሽ ክንድን ሳይለፋ ያሸንፋል፤ ባዘቃው ገና ከታች ሳለ ደሙ ይቆማል፣ ልኩም ዝቅ ብሎ ይታያል። አረንጓዴው መስመርም የጦረኛ መስመር ነው። ልጅ የሚመዘነው በዕድሜውና በቁመቱ ከሚመስሉት ልጆች ጋር ነው።»

«እንግዲያው ከዘርሽ ቆዳ የተሠራ ጠባብ ጠፍር ስጪኝ።»

ሞገዲት ወደ ዳርቻው ተጠጋች። «ከዘሬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያ ጠፍር የልጄ ቆዳ ነው። የመጀመሪያው ንጉሣችሁ አልገደላትም፣ በውኃ ዳር ሞታ ወድቃ አግኝቶ አለቀሰላት፤ ስለዚህ ይቅር አልኩት። የምትሰሙት ዜማ እኔ አስተኛት የነበረበት እንጉርጉሮ ነው። በየመከሩ ነፋስ ያመጣልኛል፤ እዚህ ብቻዬን የቆየሁትም እሱን ለመስማት ነው።» ራሷን ዝቅ አደረገች። «ቁረጪው። አንዱን ለክንዱ ልክ፣ ሌላውን ለጭኑ ልክ። ሲቆረጥ ዜማው ይጠፋል።»

«አይሆንም!» አለ ጎንጤ። «እመቤቴ፣ እርስዎስ ምን ሊሰሙ ነው?»

«እኔ ልጄን ማዳን አልቻልኩም» አለች ሞገዲት። በሸምበቆ ቱቦ ውስጥ አንዲት የብር ጠብታ አስቀምጣላቸው ጠለቀች።

መረዋ ሲደርሱ ልዑሉ ብሶበት ነበር። ዐይኑ ላይ ጭጋግ እንዳለ ነገራት፤ አንዷን አስካል ሁለት አድርጎ ያያት ነበር። እሷም በእቴጌይቱ ፊት መሐላቸውን አስታውሳ ጠፍሩ ለልጁ ልክ እንዲቆረጥ ጠየቀች። መኳንንቱ ሰይፍ መዘዙ። «የአባቶቻችንን ድምፅ ልትገድል ነው!»

እቴጌ ማህሌት ፊታቸውን ሸፈኑ። እሳቸውም በልጅነታቸው ተሰልፈዋል። «ምያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሰይፋችሁን ክተቱ።»

አባ ሐናንያ ግን ጠፍሩን ከደረታቸው ጋር አጥብቀው ያዙት። «አስቀድመሽ እጄን ቁረጪ።»

«አባ፣ እባክዎ በልጁ ክንድ ላይ ዘርግተው ይዩት።»

ዘረጉት። ጠፍሩ ከብብቱ ጀምሮ ክርኑን አልፎ ሸፈነው። አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ወንድምሽን የለካሁት እኔ ነበርኩ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባ። ዜማውን አብረን ሰማነው።»

ቢላዋውን ከእጇ ወሰዱ። «የለካሁት እኔ ነኝ። የምቆርጠውም እኔ ነኝ።» መጀመሪያ ግን ጠፍሩን በራሳቸው ክንድ ላይ አስረው ነፉት። ዜማው ከሰገነቱ ወደ አደባባዩ፣ ከአደባባዩ ወደ ገበያው ወረደ። ሻጩ ሚዛኑን ተወ፤ ወታደሩ ጋሻውን አስቀመጠ፤ ጎንጤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አስካል ምናሴ ሲስቅ ሰማችው። ከዚያ ቢላዋው ቆዳውን ተሻገረ፤ ዜማውም በመካከሉ ተቆረጠ።

ቆዳ ሰፊዎች የቁራጮቹን አፍ ሰፍተው ዘጉ። ጠባቡን በልዑሉ ክንድ ላይ አስረው ሲነፉት ባዘቃው ወጣ፣ ወጣ፤ ጠፍሩ ግን ዱዳ ነበር።

«ምን ጉድ ነው!» አሉ አባ ሐናንያ። «ዜማው ከሌለ ደሙ የቱ ጋ እንደሚቆም ማን ይነግረናል? በከንቱ ገደልነው!»

«ሰው ሁሉ ይውጣልን» አለች አስካል። ልጁን ጀርባውን አስደግፋ፣ እግሩን መሬት አስነክታ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አሳርፋ ተቀመጠች። የፈራ ልጅ ደም ከፍ ስለሚል እስኪረጋጋ ጠበቀችው። ከዚያ ነፍታ፣ ጆሮዋን በክርኑ እጥፋት ላይ አድርጋ አየሩን በቀስታ ለቀቀች። ጸጥታው ውስጥ አንድ ነገር አንኳኳ። ዱብ። ዱብ። የልጁ ደም ራሱ ነበር፤ ዘመኑን ሙሉ ዜማው ሸፍኖት የኖረ።

ባዘቃውን አየች። ከአረንጓዴው መስመር በላይ ነበር።

«አሁን ጠብታውን?» አሉ እቴጌይቱ።

«ገና ነው፣ ግርማዊት ሆይ። አንድ ጊዜ መለካት ወሬ ነው፤ ደጋግሞ መለካት ምስክር ነው።»

በማግሥቱም በሣልስቱም በሁለቱም ክንዶቹ ለካችው፤ ያው ነው። በዕድሜና በቁመት የሚመስሉትን የፈረስ ጠባቂ ልጆች ለካች፤ እነሱ ከእሱ እጅግ ዝቅ ይላሉ። ሽንቱን በነጭ ገንቦ አየች፤ ደምም አረፋም የለበትም። ፊቱ አላበጠም፣ አልወፈረም፣ ገበታውም ጨው አይበዛበትም። በመጨረሻ ሰፊውን ቁራጭ ከጭኑ ላይ አሰረች። የእግር ልክ ከክንድ ልክ ማነስ የለበትም፤ የሱ ግን በጣም ወርዶ ነበር። የእግሩ ትርታም ደክሞ፣ ከእጁ ዘግይቶ ይደርሳል። ለአባ ሐናንያ አስነካቻቸው።

«ጠባቢት በልጁ ደረት ውስጥ ናት» አሉ አዛውንቱ።

ያኔ ጠብታዋን ሰጠችው። ልጁ ቃተተ፤ እቴጌይቱ ጮኹ። አስካል ዐይኗን ጨፍና እግሩን ይዛ ቆየች። ትርታው መጀመሪያ እንደ ጠፋ መንገደኛ አመነታ፣ ከዚያም ሞቆ ጣቷ ላይ ቆመ።

«አስካል» አለ ሚልኪያስ፣ «እግሬን ምን አደረግሽው? ሞቀኝ እኮ!»

«እንግዲህ ሩጥበታ፣ ሰነፉ» አለችው እያለቀሰች።

በቀጣዩ መከር አስካልና አባ ሐናንያ ጠፍሮቹን ይዘው ወጡ፤ ጎንጤም አጀባቸው። ልጆቹ እንደ ድሮው ተሰለፉ። አዋቂዎቹ ግን ከኋላ ቆመው፣ ሊመጣ የማይችለውን ነገር ለመስማት ራሳቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ጎንጤ እንጉርጉሮውን ሊያዜምላቸው ሞከረ፤ መካከሉ ላይ ጠፋበት፣ የሌላ የሠርግ ዘፈን ገባበት። ልጆቹ ሳቁበት።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለ ጎንጤ።

«አልነበረም፣ ጋሼ» አለች አስካል።

ቀጥሎ ከዐይኖቿ ሥር ያበጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ቀረበች። እናትየዋ ጠፍሩ ሲነፋ ጠብቀው ጠብቀው አዘኑ። «እኔን እኮ ያኔ... እንዴት ያለ ዜማ ነበረው! የኔ ልጅ ሳትሰማው ልትቀር ነው?»

አስካል ጆሮዋን በትንሹ ክንድ ላይ አድርጋለች። ባዘቃው ከፍ ብሎ ሳለ አንኳኳ፤ ይህችን ለምታህል ልጅ እጅግ ከፍ ብሎ። አየሩን መልቀቋን ሳታቋርጥ አንድ ጣቷን አነሣች።

«እሜቴ፣ ለአፍታ ዝም ይበሉልኝ» አለች። «እየሰማኋት ነው።»