ስድስተኛው ብርጭቆ

ሽማግሌው ወይን ጠማቂ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቅምሻ ክፍላቸው ወለል ላይ ተዘርረው፣ ሞተው ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ባዶ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ከእግራቸው ሥር የቀመሱትን ወይን ሳይውጡ የሚተፉበት ባልዲ አለ። ጣዕምም ሽታም የሌለው የአይጥ መርዝ ከስድስተኛው ብርጭቆ ግርጌ ተገኘ። ስድስተኛው ደግሞ የሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ወይን ነበር፤ በገዛ እጇ ቀድታ ያስቀመጠችው።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ልጅቷ በርሜል ተደግፋ ኩርምት ብላለች። በር በተንኳኳ ቁጥር «መጡብኝ!» እያለች ትባንናለች። የአባቷን ቀብር እንኳ ሳታይ ልትታሰር ነው። ፍርሃቱ ለሐዘን ፋታ አልሰጣትም።

የመጣው መርማሪ ባልደረቦቹ «አቶ ለምን» የሚሉት፣ ኮቱ የሰፋው አጭር ሰውዬ ነው።

«ቀድተሽ የት ሄድሽ?» አላት።

«ወደ እርሻው። ሲተፋው ላለማየት።»

«ለምን?»

«አምስት ዓመት የለፋሁበት ነዋ! ማንም ያልፈለገውን ድንጋያማ ተዳፋት ቆፍሬ ወይን ተከልኩ፤ ወንድሜ እየሳቀብኝ። አባቴ ደግሞ የማንንም ይተፋል። ጌታዬ፣ እኔ አልገደልኩትም! አባቴ እኮ ነው!»

መርማሪው ወደ በርሜል ቤቱ ኃላፊ ዞረ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው።

«ሟቹ ሲቀምሱ ይውጡ ነበር?»

«ወይ ጉድ! በየቀኑ ስድስት ብርጭቆ ቢውጡ ኖሮ የቤታቸውን በር በየት በኩል ያገኙት ነበር?» አሉ ኃላፊው፤ ወዲያው በሳቃቸው አፈሩ። «ጋሼ ይተፋሉ። ወይኑ በቤቱ ስም ለገበያ ይውጣ ካሉ ግን ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ለማተሚያ ቤት ያዝዛሉ። በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ወይን አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይጠጣሉ። አራት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።»

«ዘንድሮ አዝዘዋል?»

«እኔ አልሰማሁም።»

ታላቅ ወንድምየው ግን ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። «ምን ያስጨንቅዎታል? ወይኑ የእሷ፣ የቀዳችውም እሷ!»

«ልክ ነው። እርስዎ ትናንት የት ዋሉ?»

«እዚሁ። ከግቢ አልወጣሁም።»

መርማሪው ስልክ ሊደውል ወጣ። ሲመለስ ሦስቱንም ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ካቴና የያዘው ፖሊስ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ወንበር ጎን ቆመ።

«ባልዲው ተመርምሯል» አለ መርማሪው። «የመርዝ ጠብታ የለበትም። ስለዚህ ስድስተኛውን አልተፉትም፤ ጠጥተውታል። አሁን አስቡት፤ የሚተፋን ሰው በቅምሻ ብርጭቆ መርዝ ለመግደል ማን ይሞክራል? እንደሚጠጡት አስቀድሞ ያወቀ ብቻ!»

«እሷ ናታ!» አለ ወንድምየው።

«እሷ አላወቀችም። ማተሚያ ቤቱ የአባቷን ደብዳቤ አነበበልኝ። ‹በወረቀቱ ላይ የልጄ ወይን ተብሎ ይጻፍ፤ ድንገት ላስደስታት ስለሆነ እንዳትሰማ› ይላል። ኃላፊውም አልሰሙም። ያወቀው ደብዳቤውን ያደረሰው ሰው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄዶ፣ ፈርሞ አስረክቧል። ከግቢ አልወጣሁም ያለኝም፣ ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ቀድታ ወደ እርሻው ስትሄድ መርዙን ብርጭቆው ውስጥ የጨመረውም እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞሩ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሃያ ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የኔን ወይን ባልዲ ውስጥ ተፋ! አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን አልዋጠልኝም! የእሷን ገና በመጀመሪያዋ? ደግሞ ደብዳቤውን በኔው እጅ!»

ካቴናው በልጅቷ ፊት አልፎ ወንድሟ እጅ ላይ ገባ። ኃላፊው «ተርፈሻል ልጄ፣ ተመስገን» እያሉ ትከሻዋን ያዙ። እሷ ግን መርማሪውን ብቻ ታያለች።

«ወዶት ነበር ማለት ነው?»

«ጠብታ አላስተረፉም።»

ከወንበሩ ተንሸራታ አባቷ ወድቀው የተገኙበት ወለል ላይ ተቀመጠች።

«ምነው በተፋኸው ኖሮ!» አለች። «ምነው አባዬ፣ ምነው እንደ ሌላው ሁሉ በተፋኸው ኖሮ!»