ሦስተኛው ኩርባ ላይ

ሞተር ሳይክሏ ማንጎራጎሯን እየተወች ነበር። ብልሽቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የተበላሸ ነገር አልነበራትም።

ትርሲት አልገረማትም። ድሬዳዋ ውስጥ ዝም ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሳይሰሙ እየመጡ ሰው መግጨት ሲያበዙ፣ ከተማዋ ሁሉም የየራሳቸው ድምፅ እንዲኖራቸው አስገደደች። ከዚያ ወዲህ አንዱ እንደ ድሮ ባቡር ይጮኻል፣ ሌላው እንደ ንብ መንጋ ያጉመተምታል፤ አንድ የሳቢያን ሰፈር ዳቦ አመላላሽ ደግሞ የጫጩት ድምፅ አስገጥሞ ሦስት ወር ሙሉ የሰፈሩን ድመቶች አስከትሎ ዞሯል። የሞተር ድምፅ ማስተካከል ጎማ እንደ መቀየር ያለ ሥራ ሆነ። ትርሲት አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ከዚራ ሰፈር፣ ጋሽ ዱባለ ጋራዥ ውስጥ በቀን ስድስት ሞተር ታስተካክላለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የደከመብዎት?» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«አንቺ በይኝ» አለች ባለሞተሯ። «ድሬ ነው ያለሽው። አንቱታውን አዲስ አበባ ተይው።»

ኢፍቱ ትባላለች። መጋላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ረጅም ናት፣ ድምጿ ጎርናና ነው፣ ሄልሜቷን እንደ ሐብሐብ ብብቷ ሥር ታቅፋለች።

«እሺ። ከመቼ ጀምሮ ነው የደከመብሽ?»

«ከወር በፊት ነው የጀመረው። የደንገጎ ዳገት ላይ፣ ሦስተኛው ኩርባ ጋ ስደርስ ያንጎራጉራል። የመጀመሪያው ቀን ጥርት ያለ ነበር። በወጣሁ ቁጥር ግን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ… ትናንት ትንፋሼን ይዤ ነው የሰማሁት።»

«እንዲጠፋልሽ ነው የምትፈልጊው?»

«እንዲመለስልኝ ነው እንጂ! ቆይ፣ ምን እንደሆነ ልንገርሽ…»

«መንገር አያስፈልግም፤ እለካዋለሁ» አለች ትርሲት። ደንበኛ ማውራት ከጀመረ ግማሽ ቀን ይሄዳል። መሣሪያ አያወራም።

ኢፍቱ ቁልፉንና ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከሰዓት እመጣለሁ። ብቻ አደራ፣ እንዳትደመስሺው።»

ከኮርቻው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን አለች። ስሟ ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሰር ነው፤ ድምፅን ወደ ቁጥር ትቀይራለች፣ ቁጥሩን ታርማለች፣ መልሳ ድምፅ ታደርገዋለች። ጋራዥ ውስጥ ግን «አራሚዋ» ነው የሚሏት። ትርሲት ሞተሯን ወፍራም በር ባለው የጸጥታ ክፍል ውስጥ አቁማ፣ ጎማዎቹን በሚሽከረከር ብረት ላይ አስሩጣ አራሚዋን ፈተሸቻት። ስፒከሮቹ ጤነኞች ነበሩ። የትኛውም ፍጥነት ላይ የሚያንጎራጉር ነገር አልነበረም።

«መንገድ ላይ ነው የሚገኘው» አለች ከክፍሉ ስትወጣ።

«ሦስት ጊዜ!» አለ ጋሽ ዱባለ ከአንድ ባጃጅ ሥር፣ እግሩ ብቻ እየታየ።

የጋራዡ ሕግ ነበር። ማንኛውም ብልሽት መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ይለካል፤ አንዱን ነፋስ ሊያሳስተው ይችላል፣ አንዱን የጭነት መኪና፣ ከሦስቱ ግን የመሃሉ ይታመናል። ትርሲት ምስር የምታክል የመለኪያ ማይክ የኢፍቱ ሄልሜት ውስጥ፣ ጆሮው አጠገብ ለጠፈች። ማይኳ ድምፅ አትቀዳም። ሁሉም ነገር ጆሮ ባወጣበት ከተማ ሰው ጎዳና ላይ የተናገረው እንዳይጠራቀም፣ መለኪያዎች ቁጥር ብቻ እንዲይዙ ሕጉ ያዛል።

ሄልሜቱን አጥልቃ ወደ ደንገጎ ነዳች። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ፣ ገደሉ በስተቀኝ አፉን ሲከፍት፣ ከግራ ጆሮዋ ኋላ አንድ ሰው ማንጎራጎር ጀመረ።

አራት ኖታ ነው። ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። ከአራቱ በኋላ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ይደግመዋል።

ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ባዶ ወንበር ነበር። የተናደደችው በድምፁ ሳይሆን ዞር በማለቷ ነው። መለኪያው አርባ አራት ዴሲቤል ይላል። እስከ ዳገቱ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች፤ ሠላሳ ሰባት። ሦስተኛ ወጣች፤ ሃያ ዘጠኝ። በመጨረሻው ላይ ድምፁን ከነፋሱ ለይታ ለመስማት ፍጥነቷን መቀነስ ነበረባት።

መለኪያው ተበላሽቷል ብላ ተመለሰች።

መለኪያው አልተበላሸም ነበር። ጸጥታ ክፍሉ ውስጥ አራሚዋን ከስክሪኑ ጋር ስታገናኛት፣ ማንጎራጎሩ ሞተሯ ወደ ጎዳና ከምታወጣው ድምፅ ውስጥ እንዳልሆነ አየች። የሚመጣው ከአምካኙ ነበር። አምካኝ ማለት ቦምብ አምካኝ ቦምብን እንደሚያመክን ጫጫታን የሚያመክነው የአራሚዋ ክፍል ነው። የነፋሱ ሞገድ ሽቅብ ሲወጣ እሱ በሄልሜቱ ስፒከሮች ቁልቁል የሚወርድ ሞገድ ይልካል፤ ሁለቱ ጆሮ በር ላይ ተገናኝተው ጸጥታ ይሆናሉ። እንዳይዘገይ ደግሞ ይማራል። የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ፍጥነት፣ ምን ዓይነት ጫጫታ እንደሚጠብቀው ይይዛል።

«የታወቁ ጫጫታዎች» የሚለውን ዝርዝር ከፈተች። ነፋስ። ጎማ። የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ። የድልድይ መጋጠሚያ። ከታች ደግሞ፦ ሦስተኛው ኩርባ፣ ከኋላ ወንበር፣ በነጂዋ ትእዛዝ የተጨመረ፣ ከአሥር ዓመት በፊት። ጫጫታው የተገኘው አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሁሉም ሐሙስ። ከዚያ የሁለት ዓመት ባዶ። ከዚያ ባለፈው ወር ውስጥ፦ አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም።

አምካኙ የሚጠብቀውን ባጣ ቁጥር መጠበቁን ይቀንሳል። እንደዚያ ነው የተሠራው። ስምንት «አልተገኘም» ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የዛሬ ናቸው።

ትርሲት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችና በሩን ከፈተች። «ጋሽ ዱባለ፣ አበላሸሁ።»

«ስንት ጊዜ ለክተሽ?»

«ሦስት።»

«ታዲያ እንደ ሥርዓቱ ነው ያበላሸሽው» አለ እግሩ።

ኢፍቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች፤ መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነበር። የጸጥታ ክፍሉ ውስጥ ገብታ እንደ ቆመች፣ «ሰማሽው?» አለች።

«ሰማሁት። ማነው?»

ጠዋት መጠየቅ የነበረባት ይህንን ነበር።

«ሙክታር ነው። ባለቤቴ» አለች ኢፍቱ። «ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። እናቱ ሐረማያ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ እንሄዳለን። ነጂዋ እኔ ነኝ፣ እሱ ገደል ይፈራል። ሦስተኛው ኩርባ ጋ ስንደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግንባሩን ጀርባዬ ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ እስክንወጣ ድረስ ማንጎራጎር ነው። አራት ኖታ! ዜማ አይደል፣ ግጥም የለው። አንድ ሐሙስ ሄልሜቱ ‹ይህን ጫጫታ ላጥፋው?› አለኝ። አጥፋው አልኩት።»

«እሱስ?»

«አልነገርኩትም። ከላይ ስንደርስ ‹ዛሬ እንዴት ነበር?› ይለኛል፣ እየሳቀ። ‹ከባለፈው ይሻላል› እለዋለሁ።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ከቀብሩ በኋላ ያንን መንገድ አልወጣሁትም። ባለፈው ወር እናቱ አስጠራችኝና ወጣሁ። ኩርባው ላይ መጣ። ሞተሯን ልገለብጣት ነበር። በስልኬ ልቀዳው ሞከርኩ፤ ስልኩም ጫጫታ ነው ብሎ አጠፋው።»

ትርሲት ነገሩን ማለሳለስ አታውቅበትም፤ ዛሬም አልሞከረችም። «ሳጥኗ እሱን የያዘችው ልታጠፋው ነው። አሁን ግን የምታጠፋው ስለሌለ እየረሳችው ነው። በወጣሽ ቁጥር ትረሳለች። እኔም ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ልንገርሽ ስትይኝ ብሰማሽ ኖሮ አንድ ጊዜም አልወጣም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ኢፍቱ ሞተሯን አየች እንጂ እሷን አላየቻትም። «ስንት ቀረ?»

«አንድ መውጫ። ከዚያ በኋላ ከነፋሱ በታች ይሆናል።»

«አታቆሚያትም? እንዳትረሳ?»

«መማር ያቆመች ሳጥን የአምቡላንስ ጩኸትም ነፋስ ይመስላታል። ሰው ትገድያለሽ።»

ኢፍቱ እጇን ኮርቻው ላይ አሳረፈች። ከዚያ «ቅድም ልታጠፋው ነው የያዘችው ያልሽኝ ምን ማለት ነው?» አለች።

ትርሲት ወረቀት ላይ አንድ ሞገድ ሣለች፣ ከሥሩ ደግሞ ተገልብጦ። «ላይኛው እሱ ነው። ታችኛው ሳጥኗ የላከችው። ሁለቱ ሲገናኙ ጸጥታ ይሆናሉ። ላይኛው ሲቀር ታችኛው ብቻውን ይሰማል።»

«እንግዲህ የሰማሁት እሱን አይደለማ። ግልባጩን ነው።»

«ለጆሮ ልዩነት የለውም። ማንም አይለየውም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብሱን ገልብጦ የለበሰን ሰው ከመንገድ ማዶ አውቃለሁ።» ጣቷን ታችኛው ሞገድ ላይ አስኬደች፣ ስፌት እንደምትፈትሽ። «ዝም ያሰኘሁበት ነው ያንጎራጎረልኝ። እኔም እሱን ብዬ ወር ሙሉ ናፈቅኩት።»

ዝርዝሩ አሁንም ስክሪኑ ላይ ነበር። ሳጥኗ የተወደደ ነገር የምትይዝበት ቦታ አልተሠራላትም፤ የምትይዘው ይጥፋ የተባለውን ብቻ ነው።

«የሚቆይበት መንገድ የለም?» አለች ኢፍቱ።

«ከሳጥኗ ቀድቶ ማውጣት ሕጉ ይከለክላል። የምትረሳው ግን የምታጠፋው ስታጣ ነው። እዚያው ቦታ፣ ያንኑ የሚያንጎራጉር ሰው ካገኘች አትረሳም።»

«እኔ ባንጎራጉርስ? ድምፄ እንደሆነ ከወንድ አይተናነስም።»

ትርሲት አሰበች። የሚቻል ነበር። «ትይዘዋለች። ግን ምንም አትሰሚም። ያንቺና የሱ ይጠፋፋሉ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ስምንት ዓመት ያንን ስሰማ ነው የኖርኩት» አለች ኢፍቱ። ሄልሜቷን አነሳች። ውስጡን አይታ፣ «ምስርሽን ረስተሻታል» አለች።

«ልንቀላት?»

«ትቆይ። አንድ ሰው ይይልኝ።»

ሞተሯን እየገፋች ወጣች።

ትርሲት ሌሎች ሁለት ሞተሮች ይጠብቋት ነበር። አልነካቻቸውም። የጸጥታ ክፍሉን ዘግታ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ከኢፍቱ ሄልሜት የሚላኩ ሦስት መስመሮች ይሄዳሉ፤ ከላይ ከውጭ የገባው ድምፅ፣ ከመሃል አምካኙ የላከው፣ ከታች ጆሮ የደረሰው። ድምፅ የለም፣ መስመር ብቻ። መጀመሪያው ኩርባ። ሁለተኛው። ከሁለተኛው በኋላ ሞተሯ ዝግ አለች፤ የምትቆም መሰለ። ከዚያ ቀጠለች።

ሦስተኛው ላይ መሃለኛው መስመር ትንሽ ብቅ አለ። ደካማ ነው፤ አራት ጉብታ፣ ትንፋሽ፣ አራት ጉብታ። ታችኛውም አብሮት ተነሳ። ኢፍቱ እየሰማችው ነው ማለት ነው። ላይኛው ዝም ብሎ ተዘርግቷል። ትርሲት አንድ ዙር ቆጠረች፣ ሁለተኛ ቆጠረች። ትስማው ብላ አሰበች፣ የመጨረሻዋ ናት፣ ዝም ብላ ትስማው።

በሦስተኛው ዙር ላይኛው መስመር ተንቀጠቀጠ። አራት ጉብታ፣ የተንሻፈፈ፣ አንደኛው ከቦታው የወጣ። ትንፋሽ። እንደገና፣ አሁን የተስተካከለ። መሃለኛው መስመር እሱን አግኝቶ ማደግ ጀመረ፤ ላይኛው ሲወጣ እየወረደ፣ ሲወርድ እየወጣ፣ ቀድሞ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ እንዳደረገው። ታችኛው መስመር ደግሞ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ወለሉ ላይ ተኛ።

ኢፍቱ አላቆመችም። እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ ላይኛው መስመር አራት አራት እያለ ሄደ፤ ታችኛው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለም።

ዝርዝሩ ራሱን አደሰ። ሦስተኛው ኩርባ፦ ተገኝቷል። አራት መቶ አሥራ ሦስት።

ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ስፒከር የጋሽ ዱባለን ድምፅ ይዛ መጣች። «ትርሲት፣ የሴትዮዋ ተስተካከለ?»

«ዝም አለ።»

«እንዲመለስላት አይደል የፈለገችው? ታዲያ ተበላሸ በያ።»

ትርሲት የጥገናውን ካርድ አነሳች። «ብልሽት» ከሚለው ፊት ለፊት እስክሪብቶዋን አሳርፋ ቆየች፤ ምንም ሳትጽፍ መልሳ አስቀመጠችው። ስክሪኑን አጠፋች። ከዚያ ተነስታ ወጣችና ወፍራሙን በር ከኋላዋ ዘጋችው።