ለባላጋራዬ አደራ

ከሩዝ መፈልፈያዬ እስከ ወረታ አስፋልት ድረስ ያለው መተላለፊያ አንድ የተጫነ ጋሪ ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ጋሪ ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ማን ይመለስ በሚለው ደግሞ ባለጋሪዎቹ ሁልጊዜ ይጣላሉ። እኔና እዮብ የተዋወቅነው በዚህ መንገድ የተነሳ ነው። የተዋወቅነውም በክስ ነው።

መፈልፈያዬ ከኋላ ነው ያለው። ዙሪያውን በሰው ይዞታ የታጠረ ስለሆነ ከዚህ መተላለፊያ በቀር መውጫ የለውም። የፊቱን ግቢ አቶ ይሄይስ ከይፋግ መጥተው ሲገዙ፣ ሻጩ በግቢው ውስጥ የሌላ ሰው መንገድ እንደሚያልፍ አልነገራቸውም። እሳቸው በአስፋልቱ ዳር ለልጃቸው ለእዮብ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ሱቅ ሊሠሩለት አስበው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ መተላለፊያው አፍ ላይ የቆርቆሮ በር ተገትሮ አገኘሁ።

«አባባ፣ ይህ እኮ መንገድ ነው» አልኳቸው።

«ለኔ ግቢ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ልጄ።»

ሁለታችንም እውነት ነበረን። ችግሩም እሱ ነበር።

መፈልፈያውን የተከለው ባለቤቴ አበረ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ትቼ ሞተር ማስነሳት ተማርኩ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። መንገዱ ከተዘጋ ሞተሩ ዝም እንደሚል፣ ሞተሩ ዝም ካለ ደግሞ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት እንደማይኖረኝ ብቻ ይታወቅልኝ።

የወረዳው ፍርድ ቤት ለኔ ፈረደ። በይግባኝም ጸናልኝ። የክልሉ ሰበር ግን ገልብጦ ለአቶ ይሄይስ ፈረደላቸው። የመጨረሻው ተስፋዬ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት ነበር። አቤቱታዬን ተቀበለ፤ እስኪወስን ድረስ መንገዱ እንዳይዘጋ አገደልኝ፤ ሁለታችንም ቀርበን እንድንከራከርም ቀጠረን። አባቱን ወክሎ የሚከራከረው እዮብ ነበር።

በየፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ሳየው ፊቴን ወደ ግድግዳው እመልሳለሁ። እሱ ግን ሰላምታውን አይተውም።

«እንዴት አደርሽ፣ ማስተዋል?»

«ደህና ነኝ። መዝገብ ላይ ይጻፍልህ።»

ይስቃል። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠባሉ። ይህንን ማስተዋል እንዳልነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን አስተዋልኩ።

በዚያ ሰሞን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በጸጥታው ምክንያት አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነበር። አባቴ አቶ ደሞዝ ብቻዬን መሄዴን ፈርተው የሁለታችንም ቤት የንስሐ አባት ወደሆኑት መሪጌታ የኋላሸት ሄዱ። የኔታም እኔንና እዮብን አስጠሩን።

«እዮብ ይዟት ይሂድ» አሉ።

አባቴ ክው አሉ። «የኔታ፣ እሱ እኮ ባላጋራዋ ነው!»

«ታዲያስ? በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ አይደል ወደ ዳኛ የሚሄዱ? ቁራኛ ይባል ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ…» እዚህ ላይ ሳል ያዛቸው። «ማለቴ፣ እንደየአቅጣጫቸው። ባላጋራውን መንገድ ላይ ጥሎ ብቻውን ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ነውረኛ ነው። እዮብ፣ አደራ ተቀብለሃል?»

«ተቀብያለሁ፣ የኔታ።»

«እኔስ አልጠየቅም?» አልኩ።

«አንቺማ አደራዋ ነሽ። አደራ መቼ ይጠየቃል?»

በማግስቱ የወረታ መገንጠያ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ እዮብ እጄ ላይ ያለውን ከረጢት አየ። አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ለእናኑ የያዝኩት ሩዝ ነበር።

«አምጪ፣ ልያዝልሽ።»

«ባላጋራዬ ሩዜን ሲሸከምልኝ ሰው ምን ይላል?»

«ከብዷት ነው ይላላ!»

አልሰጠሁትም። ጭኔ ላይ አስቀምጬው ዓባይ በረሃ ድረስ ሄድኩ። ቁልቁለቱን ስንጀምር እግሬ ደነዘዘ። እዮብ አየኝ፤ ከዚያም ከረጢቱን አየ።

«ሱቁ ካልተሠራ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት፣ ሩዙን እንዳያነሳብኝ።

«አሁን እንደማደርገው በየማሳው እየዞርኩ እጠግናለኋ። ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ፓምፑ ሲቆምበት እንኳን ሱቅ፣ ስም አይጠይቅም።» ከዚያ «አንቺ እንዲህ የምትሟገቺው መፈልፈያው የባለቤትሽ ስለሆነ ነው አይደል?» አለ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «አዎ።»

«ደግ አደረግሽ።»

ከብዙ ሰው ብዙ ማጽናኛ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች ያለች አጭር ግን አልሰማሁም።

ፍተሻው ስለበዛ ጎሃ ጽዮን አድረን አዲስ አበባ የገባነው በቀጠሯችን ዕለት ጠዋት ነበር። አውቶቡስ ተራው ላይ ሰው ሲያጋፋን እዮብ የነጠላዬን ጫፍ ያዘ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቁራኛ ነን። የኔታ ቢጠይቁኝ የት ጣልኳት ልበል?»

እስከ ፍርድ ቤቱ በር ድረስ አለቀቀውም። እዚያ ስንደርስ ግን ነጠላዬን ቀማሁት። «ዳኞቹ ፊት እንዲህ ሆነን ልንገባ ነው? አንተ ቅደም፤ እኔ እከተላለሁ።»

ቀደመ። እኔን በሩ ላይ ጠባቂው ያዘኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሩዝ።»

«ሱቅ ሞልቶ? ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከወረታ።»

«ችሎት ደግሞ ሩዝ ይዞ የሚገባ ዛሬ አየሁ። ፍቺው፣ ፈታሿ ታያለች።»

ቋጠሮውን በችኮላ ስፈታ ግማሹን ነጠላዬ ላይ ደፋሁት። ስሰበስብ፣ ሳራግፍ፣ ደግሞ ሲፈትሹኝ፣ ሰዓቱ ሄደ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ የችሎቱ በር ላይ ስደርስ የእዮብን ድምፅ ሰማሁ። በበሩ ክፍተት አየሁት፤ ብቻውን ቆሟል።

«አመልካች ካልቀረበች መዝገቡ እንደሚዘጋ፣ እግዱም እንደሚነሳ ያውቃሉ?» አሉት መሐል የተቀመጡት ዳኛ።

«አውቃለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ታዲያ እሳቸው እንዲጠበቁ የሚያመለክቱት እርስዎ ነዎት?»

«አደራ ተቀብዬ ያመጣኋት ናት። በር ላይ ፍተሻ ይዟት ነው። ያለ እሷ ብከራከር አገሬ የምገባበት ፊት የለኝም።»

ከኋላ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሳቁ። ዳኛውም ወረቀታቸውን አነሱት፤ ምናልባት ፈገግታቸውን ለመሸፈን ይሆናል። እኔ ገባሁ። ከአጎነበስኩበት ቀና ስል ከነጠላዬ እጥፋት ውስጥ ሩዝ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

«አመልካች እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ከዚያ በኋላ እዮብ ምንም ሳይራራ ተከራከረኝ። አባቱ በቅን ልቦና እንደገዙ፣ ሻጩ እንዳታለላቸው አንድ በአንድ አስረዳ። እኔም መውጫ የሌለው ይዞታ መውጫ የማግኘት መብት እንዳለው ተናገርኩ። አለመራራቱን ወደድኩለት። ቢራራልኝ ኖሮ ይቅርታ አላደርግለትም ነበር።

ለውሳኔ ተቀጥረን ስንወጣ ደረጃው ላይ አቆምኩት።

«ዝም ብትል አሸንፈህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አደራ ስለሆንኩ ብቻ ነው?»

ጫማውን አየ። «እሱ ለዳኞቹ የተናገርኩት ነው።»

«ለኔስ?»

«ላንቺ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። አሁን ሩዙን አምጪ።»

የቀረውን ሩዝ ሰጠሁት። እስከ አክስቴ ቤት ድረስ ተሸከመልኝ፤ ሰው ምን እንዳለ አላውቅም።

ወረታ ከገባን በኋላ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ የአቶ ይሄይስ ድምፅ አጥር ተሻግሮ ተሰማኝ።

«ልጄ ነህ ወይስ ጠበቃዋ? አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት!»

«አባባ፣ እንደዚያ ያሸነፉትን መንገድ በምን ዓይንዎ ይረግጡታል?»

በር ተወረወረ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እዮብ ሰላምታውን አቆመ። ባገኘው ራሱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ያልፋል። «ሌላ ቀን» ያለው ቀን አልመጣም። የአባቱን ሐሳብ መርጧል ብዬ ደመደምኩ። ሰው ማጣትን እኔ አውቅበታለሁ፤ ደግሜ ልለምደው አልፈለግሁም እንጂ።

ክረምት ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ለበሰ፤ መተላለፊያውም ጭቃ ሆኖ ጋሪ ይይዝ ጀመር። አንድ ጠዋት ስወጣ ጋሪ የሚሰጥምበት ጉድጓድ በጠጠር ተሞልቷል። በሌላ ጠዋት ደግሞ ቀጣዩ ጉድጓድ። አባቴን ጠየቅኋቸው።

«እኔ ወገቤን ይዤ ጠጠር ልሸከም?» አሉና ወደ ፊተኛው ግቢ አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሩዙ ሲታጨድ ውሳኔው ተሰጠ። የክልሉ ሰበር ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት ነው ተብሎ ተሽሯል፤ መንገዱ እንዳይዘጋ ታዟል። አባቴ ዘለሉ። ባለጋሪዎቹ አፏጩ። እኔ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ያሸነፍኩትን መንገድ በእዮብ ፊት እንዴት እንደማልፍበት አሰብኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚስማር የሚነቀል ድምፅ ሰማሁ። የፍርድ አፈጻጸም መጣ ብዬ ደንግጬ ወጣሁ። አቶ ይሄይስ ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ የቆርቆሮውን በር በገዛ እጃቸው እየነቀሉ ነው። የኔታ መሪጌታ የኋላሸትና ሌላ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆመዋል። ከሁሉም ኋላ፣ ጉጠት ይዞ፣ እዮብ።

አባቴ ተጣድፈው ወጡ። «ምነው አቶ ይሄይስ፣ በሰንበት?»

«ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣ ሰው በር ዘግቶ አይመጣም ብዬ ነው» አሉ፣ የመጨረሻውን ሚስማር እየጣሉ። «አቶ ደሞዝ፣ ልጄ ያለኝ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። ፍርድ ቤቱ መንገዱን ስጥ አለኝ፤ ሰጠሁ። ልጅህን ስጥ ግን አላለኝም። ልጄን በፈቃዴ ነው የምሰጥ። ልጅዎንም ልጠይቅ መጣሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ እዮብን አየሁት። «ሌላ ቀን ብለኸኝ ነበር።»

«መዝገቡ ሳይዘጋ ብነግርሽ፣ ለመንገዱ ብሎ ነው እባል ነበር። አንቺም ሌሊት ሌሊት ትጠረጥሪኝ ነበር።» ጉጠቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አሁን መንገዱ ያንቺ ነው። እኔ ምንም የለኝም። እወድሻለሁ።»

ያን ጠዋት ሞተሩን አላስነሳሁትም ነበር፤ በዝምታው ውስጥ የራሴን ልብ ሰማሁት። አበረ ቢሰማ ኖሮ ምን ይል እንደነበር አሰብኩ። ይህም የእኔ ብቻ ነው።

«እሺ» አልኩ።

«ደግሞ ይግባኝ እንዳትሉ!» አሉ የኔታ።

በሠርጋችን ቀን የኔታ የነጠላዬን ጫፍ ከእዮብ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠሩት። እጀባው እልል እያለ ጎን ለጎን መተላለፊያውን ስንይዝ፣ ሩዝ የጫነ ጋሪ ፊት ለፊታችን መጣ። ባለጋሪው በልማዱ ልጓሙን ይዞ ጮኸ።

«ማን ይመለስ?»

ከሰው ሁሉ በላይ የተሰማው የአቶ ይሄይስ ድምፅ ነበር።

«አንተ ነሃ! እነሱ ፍርድ ያላቸው ናቸው!»